ቀዩን ቀለም ማን ይጻፈው

አንዱን የብራና ገጽ በኮምፒዩተር ጽፌ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ፈጣን ነኝ፤ ይህን የምለው ለመኩራራት ነው። ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን አለቃዬ የአንዱን ገጽ ፎቶ አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ አስገባና አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ መነጽሬን ጠርጌ ዓይኔ ላይ ሳላደርግ ገጹ ከዳር እስከ ዳር ተጽፎ ወጣ። ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ ሰም የተንጠባጠበበት የጥንት ጸሐፊ ግእዝ፣ ፊደሉ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ! ሳላስበው አማተብሁ። አለቃዬ ሳቀብኝ።

ሥራችን የጣና ገዳማትን የቆዩ መጻሕፍት ፎቶ አንስቶ በኮምፒዩተር መጻፍ ነው። ቢሯችን ባሕር ዳር ከጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ነው፤ ፎቶ አንሺው በጀልባ እየሄደ ያመጣል፣ እኔ እጽፋለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖርሁ።

«እህቴ፣ እስከ ዓርብ ድረስ የማሽኑን ጽሑፍ ከፎቶው ጋር አስተያዪልኝ» አለኝ አለቃዬ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። «ስህተቱ ትንሽ ከሆነ ታይፕ ማድረጉን እናቆማለን። ያኔ ስላንቺ እንነጋገራለን።»

በራሴ እንጀራ ላይ ምስክር አድርጎ አቆመኝ ማለት ነው።

ረቡዕን ሙሉ በጠላት ዓይን አነበብሁ። አንድ ቦታ ላይ ያዝሁት ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ቃሉን እኔ እንደማውቀው አልጻፈውም ነበር። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ግን ልክ የነበረው እሱ ነው። ያንኑ ቃል ባለፈው ዓመት አሳስቼ ጽፌው ኖሯል። ሰው ባይኖር ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ፈራሁት፤ ከፍርሃቴ ይልቅ ግን መደነቄ በለጠ።

ሐሙስ ከቀትር በፊት ግን አንድ የጸሎት መጽሐፍ ላይ ደረስሁ። ልመናው አለ፣ የሚለመነው የለም። በፎቶው ላይ የፈጣሪና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ በማሽኑ ጽሑፍ ውስጥ አንዱም የለም። ለካ አለቃዬ ቶሎ እንዲሄድለት ፎቶዎቹን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ነው የሰጠው፤ የደበዘዘው ቀይ ጠፍቶ ማሽኑ ባዶ መስሎት ዘሎታል፤ ግራና ቀኙን ቃል አገጣጥሞ አልፏል። ከወንበሬ ብድግ አልሁ። እንጀራዬ ተረፈ! ያን ገጽ አትሜ በባጃጅ ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ አባቴ ቤት በረርሁ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ዛሬ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ጣታቸውም ከብዕር ብዛት ቆልመም ብሏል። በልጅነቴ ብራናቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ማየት እወድ ነበር። ጥቁሩን እየጻፉ ሄደው ሄደው ቅዱስ ስም ላይ ሲደርሱ ልኩን ቦታ ባዶ ትተው ያልፋሉ። ጥቁሩ ሲያልቅ ተነሥተው እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ብዕር ይለውጣሉ፣ ከዚያ ቀዩን ቀለም በጥብጠው ስሞቹን አንድ በአንድ ይሞላሉ። አንድ ቀን አንዲት ስም ብቻ ልጻፍ ብዬ ለመንኋቸው። «ቀዩ ለሴት ልጅ አይሰጥም» አሉኝ። ክፉ ብለው አልነበረም፤ እንዲያ ይባል ስለነበር ነው። እኔ ግን ቂም ያዝሁ። ብዕር ቢከለክሉኝ ኪቦርድ ያዝሁ።

ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ምንም ሳልነግራቸው የማሽኑን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርሁ። ስሙ የጎደለበት ቦታ ላይ ስደርስ እሳቸው ከአፌ ነጥቀው ስሙን ጠሩት። ቀጠልሁ፤ ደግሞ ጠሩት። ጉድለት መኖሩን ልብ እንኳ አላሉም፤ በቃላቸው ነው የሚያውቁት።

«ማን ጻፈው?» አሉ ስጨርስ።

«ኮምፒዩተር ነው፣ አባዬ። የሰው እጅ አልነካውም።»

«በስንት ቀን?»

«ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ።»

እንደሚቆጡልኝ እርግጠኛ ነበርሁ፤ የመጣሁትም ለዚያ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው በተቆለመሙት ጣቶቻቸው ዳበሱት።

«ዕፁብ ነው!» አሉ። «ክረምት ከበጋ የለፋሁበትን! ይህን አሰምቶ ሊወስደኝ ኖሯል ያቆየኝ።»

«ምኑ ነው ዕፁቡ?» አልሁ በንዴት። «ስሙን ሁሉ እኮ ገድፎታል! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ሳቁ። «እኔስ ቀዩን መቸ ከጥቁሩ ጋራ ጽፌ አውቃለሁ? ጥቁሩን ጨረሰልሽ። ቀዩን አንች ጻፊው።»

ማሽኑ እንደሳቸው ቦታ አልተወም፣ እንዲያውም ቀዳዳውን ደፍኖታል ብዬ ልከራከር አፌን ከፈትሁ። ግን ሌላ ቃል ወጣኝ። «እኔ?»

«ታዲያ ማን አለ? ያን ጊዜ ከለከልሁሽ። እጄ ከደከመ ወዲህ ሳስበው ነው የምኖር።»

እንባዬ መጣ። ለማሽኑ ይሁን ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላወቅሁም።

ዓርብ ጠዋት የምስክርነት ወረቀቴን ለአለቃዬ ሰጠሁ። ማሽኑን አሳንሼ መጻፍ እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። «ጥቁሩ ከእኔ ይበልጣል። ቀዩ ግን ሁሉም ጎድሏል» ይላል። የጸሎቱን ገጽ ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህን ለገዳሙ ሰጥተን ቢሆን ምን ይሉን ነበር?» አለና ትንሽ አሰበ። «በቃ፣ ጥቁሩን እሱ ይሥራ፣ ቀዩን አንቺ ሙዪ። በቀለም ፎቶ ማንበብ እስኪለምድ ድረስ።»

እስኪለምድ ድረስ። ራሴን አላታልልም፤ ይለምዳል። ምናልባት እስከ መስቀል፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት። ደግሞም ቢለምድ አልጠላም። በእኔ ፍጥነት ቢሆን የአንዱን ደሴት ገዳም ዕቃ ቤት መጻሕፍት እንኳ ሳልጨርስ እሞት ነበር፤ አሁን ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው የጻፈው ሁሉ በእኔ ዕድሜ ሊነበብ ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ገጹን ከፈትሁ። የፊደሉን ቀለም ቀይ አደረግሁ፤ የኮምፒዩተሩን ጠቋሚ ስሙ በጎደለበት ቦታ አቆምሁ። ከዚያ ተነሥቼ ወጣሁና በረንዳው ላይ ካለው ቧንቧ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ ተመለስሁ።

«ምን ነካሽ?» አለኝ አለቃዬ፣ ውኃው ከጣቴ ሲንጠባጠብ አይቶ።

«ምንም» አልሁት። «ቀዩን ልጽፍ ነው።»