መልስ የሌለው ሠርግ

ባለፈው ሳምንት ጋፋት ላይ ገብስ የሚዘራው ጎረቤቴ፣ ማረሻው ያወጣውን፣ ከድሮ ማቅለጫ የቀረ የብረት አር በቅጠል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ቤት አላስገባውም። ከአጥሩ ውጭ አስቀምጦ እጁን በአፈር አሸ።

«የቡዳ ነገር ነው። አንቱ ድሮ ከነሱ ጋር ስለ ሠሩ ያውቁታል ብዬ ነው» አለኝ።

ሠርቻለሁ። ንጉሡ ጋፋት ላይ መድፍ በሚያሠሩበት ዘመን የአባ እንግዳው ረዳት ነበርሁ። አባ እንግዳው ከቀጥቃጭ ቤት ተወልደው፣ ከፈረንጆቹ ጋር ምድጃ ሠርተው፣ መንገድ ቀይሰው፣ ንጉሡ «መሐንዲሴ» ያሏቸው ሰው ናቸው። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ገና ከወንዙ ማዶ «ትርንጎ!» ብለው ልጃቸውን ይጣራሉ። እጃቸውን እያስታጠበቻቸው የቀኑን ሥራ አንድ በአንድ ይነግሯታል። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

ትርንጎን ድንጋይ ሊያመላልስ የመጣ የገበሬ ልጅ ወደዳት። አባቱ ንጉሡን ፈርቶ ሽማግሌ ላከ። ያን ጊዜ፣ ዛሬም ቢሆን፣ ከቀጥቃጭ ገበታ የቀመሰ ይታመማል ይባላል። አባ እንግዳው ግን ንጉሥ ያከበረውን ሰው አገር አይንቀውም ብለው አመኑ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሠርጉ በፋሲካ ሰሞን ሆነ። በሬ ታረደ፣ ጠጁ ተጠመቀ፣ ዳሱ በለምለም ሣር ተጎዘጎዘ። ሚዜዎቹ ገብተው ተቀመጡና ከየአገልግላቸው የራሳቸውን ዳቦ አወጡ።

«ምነው ጌቶቼ፣ በፋሲካ ምን ጾም ያዛችሁ?» አሉ አባ እንግዳው።

«እኛስ በበላን» አለ አንዱ ሚዜ፤ «ማታ ጅብ ሆነው ሒሳቡን እንዳይጠይቁን ፈርተን ነው እንጂ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የሙሽራው አባት ግን አልሳቀም።

«እንግዳው፣ አትቀየም። ልጅቷን እንደ ልጃችን እናኖራታለን። መልስ ብትጠራን ግን አንመጣም። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ቀምሳ አትመጣብንም።»

አባ እንግዳው ሙሽራዋ ወዳለችበት ጓዳ ገቡ፤ እኔም ተከተልኋቸው።

«ሰምተሻል። እንቢ ካልሽ አሁኑኑ አባርራቸዋለሁ» አሏት።

ትርንጎ የአባቷን እጅ ያዘች። «አባባ፣ እወደዋለሁ። ደግሞስ እዚህ ብቀር ማን ያገባኛል?»

ወጡና «ውሰዷት» አሉ። ሥጋው ሳይነካ ዋለ፤ በማግሥቱ የምድጃው ሠራተኞች በላነው።

ኋላ መድፉን ወደ መቅደላ የሚያደርሰው መንገድ ሲቀየስ የውኃ ልኩን የምይዝላቸው እኔ ነበርሁ። አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ስንደርስ መስመሩን ወደ ግራ አጠፉት።

«አባ፣ እዚህ እኮ ገደል የለም፤ ምን ያዞረናል?» አልኋቸው።

«ልኩን ያዝ» አሉኝ።

መንገዱ በትርንጎ አማቶች አጥር ሥር አለፈ። መድፉን በጎተትንበት ቀን፣ በሥራ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰውዬ እዚያ ቦታ ላይ «በሉ ሳቡ! ሳቡ!» እያሉ ጮኹ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ከአጥሩ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማን። በሩ ግን አልተከፈተም። አባ እንግዳው ከመቅደላ አልተመለሱም።

ዛሬ በዚያ መታጠፊያ የሚያልፉ ነጋዴዎች፣ ሥራ የማያውቅ ሰው ነው የቀየሰው እያሉ ይሳደባሉ። ሰው ሲሳሳት ሳላርም ማለፍ ስለማይሆንልኝ አንድ ጊዜ እውነቱን ነገርኋቸው። አንዱ አህያውን እየነዳ ዞር ብሎ፣ «እንኳንም በሩን ዘጉ» አለኝ።