ሳነቴን በሙሉ ሆድ

ከሮቤ የተነሳነው ጠዋት፣ መካኒኩ ከማል ጋራዡን እንደከፈተ ነው። የምንሄደው ከሳነቴ አምባ ማዶ፣ ሪራ ነበር፤ እናቴ እህቷን ልታይ። ስሟ ኑሪያ ነው፤ እኛ ግን አዮ ነው የምንላት። የሪራዋ አክስቴ ዓይኗ እየደከመ ሄዶ፣ «ኑሪያን ፊቷን ሳላየው ድምጿን ብቻ እንዳልሰማ፣ ቶሎ ትምጣ» ብላ ማር ሊሸጥ በመጣ ሰው ልካብናለች። አዮ ደግሞ አይሱዙ ላይ ከወጣች እስክትወርድ ያስመልሳታል። የቀረችን የአባቴ ሞተር ናት፤ ክብ መብራት ያላት፣ ታንከሯ እንደ መስታወት የሚያበራ የድሮ ሞተር። ባጃጅ በሞላው ሮቤ እንኳ ሰው ዞሮ ያያታል። ዳገት ላይ ግን ሁለት ሰው አትችልም ነበር።

ስለዚህ ከማል በዋዜማው ልቧን ቀየረላት። ሲሊንደሯን በቶርኖ አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ከተተላት። ጅግለሯን፣ ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለቀዳዳ የናስ ፍሬ፣ በሰፊ ለወጣት።

«ጉልበት ከፈለግሽ አብያት ነው» አለኝ። ስንዴ ያሳደገው ሰው፣ ጉልበት ሲባል ቀድሞ የሚታየው ምግብ ነው። አሮጌዋን ጅግለር መዳፌ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ይቺ ለጉትቻ ትሁንሽ!» ብሎ ሳቀብኝ። መሐረቤ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት።

ጎባ

ሻይ ቤት ገብተን ጨጨብሳ አዘዝኩ። አዮ አልነካም አለች።

«እማማ፣ ይብሉ እንጂ!» አለ ባለ ሻይ ቤቱ። «ዳገቱን የምትወጣው ሞተሯ፤ እርስዎ ምን አደከመዎት?»

«ሳነቴን በሙሉ ሆድ አይወጡም ልጄ። እላይ አየሩ ትንሽ ነው፤ ለሆድና ለሳንባ አይዳረስም።»

የእሷንም ድርሻ እኔው በላሁት።

ሳነቴ

መጀመሪያ ላይ ሞተሯ በረረች ብል ይቀላል። አንድ አይሱዙ አልፈን ስንሄድ አዮ ወገቤን ጭምቅ አድርጋ፣ «ያ ረቢ! አባትሽ ይህን ባየ!» አለች። የአስታው ቁጥቋጦ እየሳሳ፣ ረጅሙ የጅብራ ተክል በየሜዳው ብቻውን መቆም ሲጀምር ግን ሞተሯ ሳል ጀመራት። ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ተግተለተለ። ከዚያ ቀጥ አለች።

ነፋሱ ያንገበግባል። ብረግጥ፣ ብረግጥ እምቢ። አዮ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ «እንመለስ ካልሽ እመለሳለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የእህቴ ዓይን ግን አይጠብቀኝም።»

ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰውን ካንዴላዋን ፈታሁት፤ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። አዮ ተቀብላኝ በሻሿ ጫፍ ትጠርገው ገባች፤ ነፋሱ ያስነባትን ዓይኗንም በዚያው ሻሽ ትጠርጋለች። እኔ ጨጨብሳው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ።

አየችኝና ሳቀች። «አንቺም እሷም አንድ ናችሁ። ጠግባችሁ ወጥታችሁ ነው።»

እጄ ባለበት ቆመ። ጥላሸት ማለት እኮ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው! የጎደላት ምግብ አይደለም፤ አየር ነው። አየሩ ሳይበቃት አጠገብናት። መሐረቤን ፈታሁ። ፍሬዋ ሳር ውስጥ እንዳትጠፋብኝ የአዮን ፎጣ ምድር ላይ ዘርግቼ፣ ከማል ሲሠራ ሳይ እንደኖርኩት ካርቡራተሩን ከፍቼ ጠባቧን ጅግለር መለስኩ። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ሁለት ጊዜ አመለጠችኝ።

«ቢስሚላህ በይ» አለች አዮ።

ብዬ፣ የጠረገችውን ካንዴላ መልሼ አስሬ ረገጥኩ። ተነሳች!

ሪራ

ቁልቁለቱን ወርደን ጫካው ውስጥ ስንገባ ጉም ተቀበለን። አክስቴ በሯ ላይ ቆማለች። የአዮን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ኑሪያ፣ ምነው ጉንጭሽ እንዲህ ጠቆረ?»

የካንዴላው ጥላሸት! አዮ፣ «አልሐምዱሊላህ! ታያለች! ታያለች!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሮቤ

ቤታችን ስንመለስ ከማል ደጅ ድረስ መጣ። «እህስ፣ ዳገቱን እንዴት አደረገችው?»

«ጾማ ወጣችው» አልኩት። የሆነውን ስነግረው ራሱን ይዞ ሳቀ። ጉልበት የሚመጣው ከመብላት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ትንፋሽም ቦታ ይፈልጋል። አሁን ሁለቱም ጅግለሮች አሉኝ፤ ሰፊዋ የሮቤ፣ ጠባቧ የሳነቴ። ጎባ ላይ እኔም ሻይ ብቻ ነው የማዘው።

አዮ ደግሞ ሪራ በደረስን ቁጥር፣ ከሞተሯ እንደወረደች ጣቷን ማርሚታው ጫፍ ላይ ታሻሽና ጉንጯን ትቀባለች። አክስቴ እስካሁን ሳታየው ቀርታ አታውቅም።