የተቆለፈበት ከፈን

ክልሉ እንደ ክልል በቆመ ሰሞን አሶሳ ውስጥ አንድ ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። ማህተሙ እንኳ ገና አዲስ ነበር። ወንበር ለሁላችንም ስለማይበቃ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፤ እኔ ደግሞ ቆማ የምትጽፍ ሴት አይደለሁምና ከሁሉ በፊት እደርስ ነበር።

በመጀመሪያ ደመወዜ ለእናቴ ደህና ቀሚስ ገዝቼ ወደ መንደራችን ሄድኩ። መንደሩ የሰፋሪዎች ነው፤ እናቴም በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ካሰፈሯቸው አንዷ ናት። ሴት ስትሞት የምታጥበው እሷ ነበረች። ቀሚሱን ገለጥ አድርጋ አየችና «እሰይ፣ እደጊ» ብላ መረቀችኝ። ቀጥላ «ሌላ ጊዜ ግን አቡጀዲ አምጪልኝ፤ ለከፈኔ» አለች።

ተናደድኩ። «ሰው ልጄ ሥራ ያዘች ብሎ ይደሰታል፤ አንቺ ስለ ቀብር ታወሪኛለሽ?»

«ዱንያ ለመንገደኛ የዛፍ ጥላ ናት፤ ነቢያችን እንዲያ ነው ያሉት» አለችኝ ሳትቆጣ። «መንገደኛ ደግሞ ጓዙን ሸክፎ ነው የሚያርፈው።»

ነገሩ እውነት ነበረው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መኪና ይቀራል፣ ጀናዛ ደግሞ ሳይቀበር ቆይ አይባልም። ስለዚህ በመንደራችን ትልልቆቹ ሰዎች ከፈናቸውን በሳጥን አስቀምጠው ነው የሚኖሩት። እኔም ከሱዳን በኩል ጨርቅ ከሚያመጣ ነጋዴ ወፍራም አቡጀዲ ገዝቼ ወሰድኩላት። ቆራርጣ፣ አጣጥፋ፣ ሽቶ ነካ አድርጋ ከሳጥኗ ከተተችው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አንዲት ምስኪን ሞታ እናቴ ለእሷ ሰጥታታለች። ደግሜ ገዛሁ፤ እሱም በዚያው መንገድ ሄደ። ስጮህባት «ለሞተ ከልክዬ ለቆመ ላስቀምጥ?» አለችኝ።

እኔ ነገር ከያዝኩ የማልለቅ ሰው ነኝ። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፤ እናቴ ስትሞት የሚታየው የእኔ ፊት ነው። «የቢሮ ሠራተኛዋ እናቷን በአንሶላ ቀበረች» ሲሉ ገና ሳትሞት በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ከሁሉም የተሻለውን መርጬ ገዛሁና ለማንም ሳልናገር እሷ ቤት ባለው ሻንጣዬ ቆለፍኩበት። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ይህችንስ ማንም አይነካትም አልኩ።

በዚያው ክረምት ለእረፍት መጥቼ ዝናቡ መንደር አስቀረኝ። አንድ ጠዋት ከጅረቱ ማዶ የምትኖረው፣ የአገሬው ተወላጅ የሆነችው የበርታ ሴትዮ ጎልማሳ ወንድ ልጇ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። እናቱን በደንብ አውቃታለሁ። አዲስ ሰፋሪ ሆነን አገሩ ሲጨንቀን ለእናቴ የማሽላ ዘር የሰጠቻት፣ የቀርከሃውን ለጋ ቡቃያ አቀቃቀል ያሳየቻት እሷ ናት። ቋንቋ ሳይኖራቸው በእጅ ምልክት ተጀምሮ እህትማማች ሆነው ነበር።

«እናቴ ሞተ» አለ ልጇ። አማርኛ የአፍ መፍቻው አይደለም። «ከፈን የለም። ሁሉ ቤት ጠየቅሁ፣ አልቋል። ወንዝ ሞላ፣ አሶሳ አይሄድም።»

እናቴ ባለችበት ቁጭ አለች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላ አለቀሰች። ባዶ መሆኑን እያወቀች ሳጥኗን ከፈተች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ ካንቺ ዘንድ ነጭ ጨርቅ አይጠፋም?»

«የለኝም» አልኩ። ቁልፉ ደረቴ ላይ ነበር።

ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። የጁምዓ ነጠላዋንና ሻሿን አንስታ በዝናቡ ተከተለችው። ለሴት አምስት ቁራጭ ነበር ወጉ፤ የተገኘው ሁለት ሆነ። ንጹሕ ከሆነ ይበቃል ብለው ቀበሯት፤ ማንም ክፉ አልተናገረም። እኔ ለቀስተኛው መሀል ተቀምጬ ቀና ማለት አቃተኝ።

ሦስት ቀን ቻልኩት። በአራተኛው ሻንጣውን እናቴ ፊት ከፈትኩ። ጨርቁን በጣቶቿ ዳሰሰችው።

«ያን ቀን እዚህ ነበር?»

«ነበር።»

«ለማን ብለሽ?»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«ሰው ወርቅ ይቆልፋል። አንቺ ከፈን ቆለፍሽ» አለች። «ከፈኑም ዱንያ ሆነብሽ እኮ ልጄ። በዚህ ጨርቅ እንዳትከፍኚኝ።»

እግሯ ላይ ወድቄ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። «እኔ ምን አገባኝ? ሀቁ የሟቿ ነው። ሂጂና ለልጇ ንገሪው» አለች።

ጨርቁን ይዤ ጅረቱን በወገቤ ተሻገርኩ። ማፈሬ እንዳይመልሰኝ እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። ቁልፉንም፣ ውሸቴንም፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ጨርቁን ብቻ አየት አደረገ።

«እናቴ በጓደኛ ልብስ ሄደ» አለ። «ጥሩ ነው። አውፍ ብያለሁ።» ጨርቁን ግን አልቀበልም አለ። ወስጄ ለመስጊድ ሰጠሁት፤ ለመጣ ሰው ይሁን ብዬ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን አልጨረሰችም። «ከእንግዲህ ለእኔ ብለሽ ከፈን እንዳታስቀምጪ። ቀኔ ሲደርስ እንደዚያ ልጅ ከሰው በር ቆመሽ ትለምኚልኛለሽ።»

«ደመወዝ እያለኝ?»

«ደመወዝ እያለሽ።»

ተከራከርኩ፣ አኮረፍኩ፤ አልተመለሰችም። በመጨረሻ ወላሂ ብዬ ማልኩላት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረች። በተመቸኝ ቁጥር አቡጀዲ እየገዛሁ ለመስጊድ እሰጣለሁ፤ ለእሷ ግን አንድ ክንድ አላስቀመጥኩም። አሶሳ ስታድግ፣ ቢሮዎቹ ሲበዙ፣ ጅረቱም ድልድይ ሲሠራለት አየች። በበጋ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ጭንቅ ሳይበዛባት ሞተች።

የጎረቤት ሴቶች ሰው ወደ አሶሳ ሊልኩ ተነሱ፤ መንገዱ ደህና ነው፣ ሱቁ ክፍት ነው። ተዉ አልኳቸው። አንዷ ከመስጊድ እናምጣ አለች። እዚያ ያለው ግን እኔው የሰጠሁት ነው፤ የራሴን መልሶ መውሰድ ልመና አይባልም። «ይቺ ልጅ በዚህ ቀን እንኳ ግትር ናት» ሲሉ እየሰማሁ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። በቅርብ ያሉትን በሮች አልፌ ድልድዩን ተሻገርኩ። ልመና ከሆነ አይቀር እዚያው ይሁን ብዬ ቆርጬ ነበር።

ሰውየው ሸብቷል። ከልጆቹ ጋር ደጅ ተቀምጦ አገኘሁት።

«እናቴ ሞተች» አልኩት። «ከፈን የለንም።»

አየኝና ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። እኔ ባዶ እጄን በልጆቹ ፊት ቆምኩ። የለኝም ቢለኝስ? ያን ክረምት እሱም በራችን ላይ አፌን እያየ የጠበቀኝ እንዲህ ሆኖ ነው። ነጩን ጨርቅ በሁለት እጁ ይዞ ሲወጣ፣ እጄን ዘርግቼ መቀበል አቃተኝ።