ለለቅሶ ያዋስሁት ምንሽር

ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የእድራችን ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ጽድ ሥር ተሰብስበን ነበር። ከሌላ አገር መጥቶ ልጆቻችንን የሚያስተምረው መምህር ተነሣና፣ «ለለቅሶ የሚመጣ ጠመንጃ ሁሉ ጥይቱ ወጥቶ ይምጣ፤ ደጅ ላይም የሚያይ ሰው ይቁም» አለ። ሰዉ ማሰብ ጀመረ። ማሰብ ደግሞ እኔ ባለሁበት አይፈቀድም።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል፤ ምላሴ ግን ገና ጎረምሳ ነው።

«መምህር፣ ባዶ ጠመንጃ ከመጥረጊያ በምን ይለያል? የጎጃም ሰው በመጥረጊያ ይሸኝ?»

ሰዉ ሳቀ።

«አባባ፣ ጠመንጃው ይቅር መቼ አልሁ? ጥይቱ ይውጣ ነው ያልሁት።»

«እንግዲያስ አንተም ጠመኔህን ቤትህ ትተህ በጣትህ ጻፍ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ይስማው? ነገሩ በሳቅ ተቀበረ። እኔም አገር ያዳንሁ መስዬ ኩታዬን አጣፍቼ ተቀመጥሁ።

ሐምሌ ላይ ከወንዝ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ሞተ። ታሞ ሳለ ጠመንጃውን ሽጦ ነበርና፣ ልጁ በማለዳ እኔ ዘንድ መጣ።

«አባባ፣ አባቴ ጠመንጃ እንዳልነበረው ሰው አይቀበርብኝ። ምንሽርዎን ያውሱኝ።»

እዚህ ላይ የሆነውን የሌላ አገር ሰው አያምነኝም። ልጁ፣ ለለቅሶ የሚዋሱት ጠመንጃ መቼም ባዶ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ፣ ለጎረቤት ሌማት እንኳ ባዶውን አይሰጥም፣ ለሐዘንተኛ ባዶ ጠመንጃ ማዋስማ ንፍገት ነው ብዬ ጓዳ ገባሁና ጥይት አጎረስሁለት። አልነገርሁትም። ደግ ሰው ውለታውን ያወራል እንዴ!

ለቅሶው ላይ ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ልጁ እንደ ወጉ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ፣ የአባቱን ሙያ እየጠራ ወዲያ ወዲህ ይላል። ድንገት ጠመንጃው ጮኸ። ልጁ ቁጢጥ አለ፤ ከእግሩ ሥር ያለው ጭቃ ቀላ።

መምህሩ ሮጦ እግሩን በአንገት ልብሱ እያሰረ፣ «ባጃጅ ጥሩ!» ይላል። እኔም ሮጫለሁ፤ ወደ ምንሽሬ። ከጭቃው አንሥቼ በኩታዬ ጫፍ ስጠርገው ቆይቼ ቀና ብል፣ የሟች ሚስት ታየኛለች።

በማግስቱ ላጽናናት ሄድሁ።

«ልጁስ?»

«ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝቷል። የእግሩን ጣቶች ቆረጡለት።» ከዚያም በትሕትና ጠየቀችኝ፤ «ምንሽርዎስ ደኅና ነው?»

ጠመንጃ የጠረግሁበትን የኩታዬን ጫፍ ከጉልበቴ ሥር ሸጎጥሁ።

«እኔስ ማሳው ነው የጨነቀኝ» አለች። «የጤፉ ጊዜ እያለፈ ነው። ያ ልጅ ካላረሰ ታናናሾቹ ከርሞ ምን ይበላሉ?»

«እኔ አርሳለሁ» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

በሬዎቼን ነድቼ ወረድሁ። ምላስ ለካ አያርስም! ትልሜ እባብ የሄደበት ይመስላል፤ በሬዎቹ እንኳ ዞር እያሉ ያዩኛል። መምህሩ ቅዳሜ መጥቶ አረም አብሮኝ ለቀመ። «ብዬ ነበር» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ዋልሁ፤ አላለም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

እድሩ እንደገና ሲሰበሰብ መምህሩ ያንኑ ሐሳብ አነሣ። ፈጥኜ እጄን ለድጋፍ አወጣሁ።

«ምነው አባባ፣ ዛሬ ቀልድ አለቀብዎ?» አለኝ አንዱ እኩያዬ እየሳቀ። የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ደንቡ ጸደቀ።

ጤፉ ዘግይቶም ቢሆን በቀለ። ልጁ ዛሬ ራሱ ያርሳል፤ ጫማው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ ትልም ሲጨርስ እርፉን ተደግፎ ያርፋል። በደጄ ሲያልፍ «እንዴት አደሩ፣ አባባ?» ማለቱን አንድም ቀን አልተወም። የሚጎተት እርምጃውን ከሩቅ ስሰማ፣ ሰላምታው ሳይደርስብኝ ጓዳ የምገባበት ቀን አለ።