የጥሩወርቅ አረንጓዴ ካርታ

ባለፈው ሰሞን ልጄ የቤት ሥራዋን አምጥታ ፊቴ ዘረጋችው። ክብ ክብ ውስጥ የተጻፉ ቃላት፣ ቃላቱን የሚያገናኙ ቀስቶች። «አባዬ፣ የሐሳብ ካርታ ይባላል፤ ምን እንደገባን አስተማሪያችን በዚህ ነው የምታየው» አለችኝ። አውቀዋለሁ አላልኳትም። 

ደብረ ታቦር አሥረኛ ክፍል ሳለሁ መምህር ይልቃል የሚባሉ የባዮሎጂ አስተማሪ ይህን ካርታ ያሠሩን ነበር። እኛ በወረቀት እንሥላለን፤ ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ፕሮግራሙ የእያንዳንዳችንን ካርታ ከመምህሩ ካርታ ጋር ያስተያይና የገባንን በአረንጓዴ፣ ያልገባንን በቀይ ያሳያል። ቀይ የበዛበት ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ለብቻው ይማራል። መምህሩ ለእርዳታ ያሰቡትን እኛ መሳለቂያ አደረግነው፤ እነዚያን ልጆች «ቀዮቹ» እንላቸው ነበር። ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። ጣቴ ፈጣን ነበር፣ ኩራቴም እንደዚያው።

ጥሩወርቅ ከአንበሳሜ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር የክፍሌ ልጅ ነበረች። ሰኞ ሰኞ ከቤቷ ያመጣችውን የገብስ ቆሎ ታቃምሰኛለች፤ እኔም ቆሎውን ይሁን እሷን እንደምወድ ሳልለይ ሰኞን እናፍቃለሁ። አንድ ጭጋጋማ ከሰዓት ካርታዋን ልገለብጥ ስል፣ ተክል ምግቡን የሚያገኘው ከአፈር ነው ብላ ቀስቱን ከአፈር ስባዋለች። ሌላውም ተዘበራርቋል። ከቀዮቹ ጋር ተቆጥራ ልጆቹ ሲስቁባት ታየኝ። ቀስቱን ከቅጠሉ አስነሣሁት፤ ሌሎቹንም አቃናሁላት። ካርታዋ እንደ ነሐሴ መስክ አረንጓዴ ሆነ።

«ጎበዝ ጥሩወርቅ! አንቺ ቅዳሜ መምጣት አያስፈልግሽም» አሉ መምህሩ በክፍሉ ፊት።

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። «እኔስ አልገባኝም እኮ፤ በግምት ነው የሞላሁት። ቅዳሜ ልሂድ እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ገብቷታል እያለ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ብዬ ሳቅሁባት። ቅዳሜን ከእኔ ጋር እንድትውል መፈለጌንም አልደብቅም።

አመነችኝ። ዓመቱን ሙሉ ካርታዋን አቃናሁላት። ቅዳሜ እኛ ቅቅል ድንች በአዋዜ እየበላን ገበያ ለገበያ ስንዞር፣ ቀዮቹ ክፍል ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ፈተናው መጣ፤ ከቀዮቹ አብዛኞቹ አለፉ፣ ጥሩወርቅ ወደቀች። ወደ አገሯ ስትመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። «ዕድሌ ነው፣ ምን ይደረግ» አለችኝ። ዕድሏ እኔ ነበርኩ።

አሁን ሐሙሲት ሱቅ አላት፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ። በቀደም ስደርስ ልጇ ባዮሎጂ ከበደኝ እያለች ታማርራለች።

«የእኔ ልጅ ሆነሽ? ለእናትሽ እኮ ኮምፒውተር መስክሮላታል! ይኸው፣ እሱን ጠይቂው» አለች ጥሩወርቅ።

«እውነት ነው፣ ጋሼ?» አለችኝ ልጅቱ።

«እውነት ነው» አልኳት።

ዝም የምለው የቀራትን ኩራት እንዳልነጥቃት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ብነግራት አትሰድበኝም፣ አታለቅስም፤ አውቃታለሁ። «ቅዳሜ ልሂድ ወይ ብዬ ጠይቄህ አልነበር?» ነው የምትለኝ።