ጋሽ ሜትርና ባለ ንስሯ መኪና

ጋሽ ሜትርን ሰፈሩ በዚህ ስም የሚጠራው እንደ ሜዳልያ ከአንገቱ በማትወርደው ቢጫ ሜትር የተነሳ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሱፍ ሰፍቷል። ሜትሯን ሳያወርድ፣ በዓይኑ ብቻ፣ የትከሻህን ስፋትና የወገብህን ዙሪያ ይነግርሃል፤ ካስፈለገም ትናንት ምን ያህል እንደበላህ።

ከስፌት መኪናው በስተቀኝ ባለችው መሳቢያ ውስጥ ማርካ አለው። በጥቅል የሚገዛ፣ በወርቃማ ክር የውጭ አገር ስም የተጠለፈበት ማርካ። ኮቱን ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይሰፋል፣ ከዚያ ያቺን ብጣሽ ገበሩ ላይ ጠቅ ጠቅ ያደርግና ይሰቅለዋል። ማርካ የሌለውን መንትያውን ደግሞ አጠገቡ ይሰቅላል። ደንበኛ ይመጣል፤ ሁለቱንም ይለብሳል፤ መስታወት ፊት እንደ ሙሽራ ይገላበጣል። በመጨረሻ ባለ ማርካውን እየዳበሰ፣ "ይሄማ በቃ ይለያል! እዚህ አገር እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ የት አለ?" ይላል፤ ለማን? ለራሱ ለሰፋው ሰው።

"የትም የለም" ይላል ጋሽ ሜትር ኮስተር ብሎ። ሰውየው ከወጣ በኋላ ግን ሆዱን ይዞ ይስቃል። "ይሄ ሁሉ ሕዝብ ልብስ የሚለብስ ይመስለዋል፤ ፊደል ነው እኮ የሚለብሰው!" ይላል። እሱን የሚሸውድ ማርካ ገና አልተጠለፈም ብሎ በሙሉ ልቡ ያምን ነበር። እንግዲህ መኪና ልግዛ ብሎ የተነሳው ይሄው ሰው ነው።

መኪና ያስፈለገው ለጌጥ አልነበረም። ሚስቱ ቀኝ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆናለች። ሐኪሙም ሳያለባብስ ነግሯቸዋል፦ "በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ፣ ለሦስት ወር። ከቀረች ጉልበቱ ይደርቅና ዕድሜ ልኳን ሳይታጠፍ ይቀራል።" ሆስፒታሉ ያለው ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። በአውቶቡስ ግፊያ መሃል ሁለት ክራንች ይዞ መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው መኪና የታወቀ ነበር፤ በሩ ሰፋ ያለ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ የማይታጠፍ እግር የሚያስዘረጋ። ሌላ ምንም።

የሚስቱ ወንድም መካኒክ ነው። ሁለት ሳምንት ባዝኖ አንዷን አገኘ።

"ጋሼ፣ አገኘሁልህ! ሦስት ዓመት ብቻ ነው የተነዳችው። ባለቤቷ አስተማሪ ናት፤ ጭረት የሚባል የላትም። ወንበሯ እስከ ኋላ ድረስ ይሸራተታል።"

"ማርካዋ?"

"ባለ ሦስት ማዕዘን ናት።"

ጋሽ ሜትር ዝንብ የወደቀበት ሻይ እንደቀረበለት ሰው ፊቱን አጨማደደ። "እሱ ደግሞ መኪና ነው? የሒሳብ ደብተር ነው እንጂ!"

ለይሉኝታ ያህል ሚስቱን ይዞ እስከ መካኒኩ ጋራዥ ሄዶ አያት። ነዳትም። ሞተሯ ኮሽታ የለውም።

"ሰማህ? ድምፅ የሚባል የለም" አለ መካኒኩ በኩራት።

"ከየት ያምጣው? አቅም የለውማ!"

በሩ በአንድ ጣት ገፋ ሲደረግ ጠቅ ብሎ ገጠመ፤ "ቆርቆሮ ስለሆነ ነው" አለ። ፍሬኗ በተረገጠበት ቅጽበት ያዘ፤ "ድንጉጥ ናት" አለ። ሚስቱ ከፊት ገብታ፣ እግሯን ዘርግታ፣ "እሰይ! ሳሎኔ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ" አለች። ጋሽ ሜትር ለዚህም መልስ አላጣም። "ምቾት የሚያበዙት ሌላ የሚያሳዩት ሲያጡ ነው" ብሎ ወረደ።

በማግስቱ አንድ የመኪና ደላላ ማርካዋ ንስር የሆነ መኪና እዚያው ጋራዥ ድረስ ይዞለት መጣ።

ባለ ንስር! በዚያ ከተማ የጥርስ ሐኪሙ የሚነዳው ባለ ንስር ነው፤ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የሚነዳው ባለ ንስር ነው፤ መንጃ ፈቃድ የሌላቸው እንኳ ቁልፍ መያዣቸው ላይ ንስር አንጠልጥለው ይዞራሉ። ይህቺኛዋ ንስር ኮፈኗ ላይ ክንፏን ዘርግታ የቆመች ብትሆንም፣ ከኮፈኑ በታች ያለው ነገር የአሥራ አምስት ዓመት አዛውንት ነበር። ሞተሯ ሲነሳ የሰፈሩ ርግቦች በሙሉ ከየጣሪያው ብር አሉ፤ ሁለት መንገድ ማዶ የተኛ ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ።

"ኃይል!" አለ ጋሽ ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ።

በሯ እንዲዘጋ የሁለት ሰው ትከሻ ጠየቀ። "ብረት ማለት እንዲህ ነው!" አለ። ከሥሯ አንድ ጥቁር ኩሬ ቀስ እያለ ሲሰፋ ግን ትንሽ ደንገጥ አለና፣ "ዘይት ታፈሳለች እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

"የሌላትማ ምን ታፈሳለች፣ ጋሼ?" አለ ደላላው። "ስላላት እኮ ነው!"

ይህቺ መልስ ጋሽ ሜትርን እንዴት እንዳስደሰተችው! ሳምንቱን ሙሉ የራሱ ግኝት አድርጎ ለደንበኞቹ ሲያወራት ከረመ።

መካኒኩ ግን የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገፋ ሞከረ። ወንበሩ ፍንክች አልል አለ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ሐዲዱ ዝጎ ከወለሉ ጋር አንድ ሆኗል። እቴቴ እዚህ ላይ እንዴት ትቀመጣለች?" አለ።

"ሠሪዎቹ አጥንተው ነው እዚያ ላይ ያቆሙት። ሰው ቀጥ ብሎ፣ በክብር እንዲቀመጥ።"

"ጋሼ፣ በእናትህ! ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ፋብሪካ ነው፤ ድሮም ዛሬም። መጨረሻ ላይ አንዱ ሠራተኛ ንስር ይለጥፋል፣ ሌላው ሦስት ማዕዘን ይለጥፋል፤ በቃ ይሄው ነው። ካላመንከኝ የወንበሮቹን ስፌት እይ። ስፌት አይደል እንዴ ሥራህ?"

አሁን ነገሩ ከበድ አለ። ጋሽ ሜትር በስፌት አይቀልድም። መነጽሩን አጠለቀ፤ ባለ ንስሯ ውስጥ ተንበርክኮ የወንበሩን ጠርዝ በጣቱ ተከተለ። ድርብ ስፌት ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ መርፌዋ ሦስት ወጊያ ወደ ኋላ ትመለስና ትቀጥላለች። ወጥቶ አጠገቧ ወደ ቆመችው ባለ ሦስት ማዕዘን ገባ። ድርብ ስፌት፤ ማዕዘኑ ላይ ሦስት ወጊያ ወደ ኋላ። ክሩም ያው፣ የወጊያው ርቀትም ያው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠለጠነ ጣቱ እውነቱን ቁልጭ አድርጎ ነገረው። ጭንቅላቱ ግን ጣቱን "አንተ ዝም በል!" አለው።

"እሺ፣ ምን አየህ?" አለ መካኒኩ።

"አንድ ነው" አለ ጋሽ ሜትር መነጽሩን እየወለወለ።

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ባለ ሦስት ማዕዘኖቹ ከንስር ላይ ሰርቀዋላ! ሌቦች! ከሌባ መኪና ልግዛ?"

ባለ ንስሯን በዚያው ቀን ገዛ። መካኒኩም ባለ ሦስት ማዕዘኗን ለራሱ ገዛት።

የመጀመሪያው የሕክምና ቀን ደረሰ። ጋሽ ሜትር ንስሯን በራሱ የኮት ገበር ወልውሎ አሳምሮ ደጅ ላይ አቆመ። ሚስቱ በጎን ሞከረች፣ በጀርባዋ ሞከረች፤ በሦስተኛው ጉልበቷ ከዳሽቦርዱ ጋር ተላትሞ የጮኸችው ጩኸት ከሞተሩም በለጠ።

"ከኋላ ግቢያ! ትልልቅ ሰዎች ከኋላ ነው የሚቀመጡት" አላት።

"የኋላው በር እንኳን እኔን ክራንቼንም አያስገባም! አንተ ሰውዬ፣ እኔን ልታሳክም ነው ወይስ አሞራህን ልታሳይ?"

"ቀስ በይ! ጎረቤት ይሰማል!"

"ይስማ!" አለችና ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች። መካኒኩ ወዲያው ደረሰ። ባለ ሦስት ማዕዘኗ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ሄደች። ጋሽ ሜትር ደግሞ ባዶዋን ንስር እያስጓራ ከኋላ ከኋላ ተከተለ።

የሆስፒታሉ ጥበቃ በሩ ላይ መካኒኩን በእጁ አስቆመው። "ከአጥሩ ውጪ አቁም!"

"ታማሚ ይዣለሁ፣ ወንድሜ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ወደዚያ!"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ባለ ንስሯ እንደ ነጎድጓድ ደረሰች። ጥበቃው ሮጠ። ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ። "ይግቡ ጌታዬ! እዚያ ጥላው ሥር፣ ደረጃው አጠገብ!" ጋሽ ሜትርም ለሐኪም በተያዘ ቦታ ላይ አቆመና፣ ወርዶ ኮቱን አስተካክሎ ቆመ። ያ ሁሉ ክብር አንድም ታማሚ ላልያዘች መኪና መሆኑ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ታማሚዋ በሁለት ክራንች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአጥሩ ውጪ ጀምራ ሁለት መቶ እርምጃ አነከሰች።

ላብ በላብ ሆና ደረጃው ጋ ስትደርስ ባሏ ጥርሱን አሳይቶ ጠበቃት። "አየሽ? አየሽልኝ አይደል አቀባበሉን?"

ሴትዮዋ አየችው። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞረች። "ወንድሜ፣ ይሄ ሹፌሬ ነው። እኔን አልሰማ ብሎኛል፤ እባክህ ቦርሳዬን እንዲይዝ አንተ ንገርልኝ።"

የጥበቃው ፊት በአንድ አፍታ ጠቆረ። "አንተ! እመቤትህ በፀሐይ እየተጎተቱ አንተ ጥላ ሥር ትገተራለህ? ቦርሳውን ተቀበል!"

ጋሽ ሜትር ከድንጋጤው የተነሳ ተቀበለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ የሴት ቦርሳ ታቅፎ ቆመ፤ ጥበቃውም ብቅ እያለ ይቆጣጠረው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ባለ ሦስት ማዕዘኗ ስትመጣ በሩ ገና በሩቁ ይከፈታል። ጥበቃው ለባልደረባው ሲያስረዳ፣ "ሹፌራቸው እንኳ ባለ ንስር ነው የሚነዳው! እሳቸው በዚህች የሚመጡት ሰው እንዳይለያቸው ነው" ይለዋል። ባለ ሦስት ማዕዘኗ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ቀን አላጓደለችም። ባለ ንስሯ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈችው ጋራዥ ተኝታ ነው።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ጉልበቱ ታጠፈ። ሐኪሙ ራሱ አጣጥፎ አይቶ ጨበጣት፤ ክራንቹን ጥላ በእግሯ ወጣች። ጋሽ ሜትር ይህን የምሥራች ሱቁ በር ላይ ቆሞ ለመንገደኛው ሁሉ አበሠረ።

"ንስር ነው ያዳናት! በር ያስከፈተላት ማን ሆነና? ያቺ ሦስት ማዕዘን ብቻዋን ብትሆን ይሄኔ እግሯ ደርቆ ነበር!"

ይህን ሲሰሙ ከነበሩት አንዱ ወገቡን ስለሚያመው ይዞ የሚሄደው የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ ሰማ፤ እዚያው ቆሞ ደላላው ጋ ደወለ።

"ስማ፣ ለወገብ የሚሆን ንስር አለህ?"

"አለ" አለ ደላላው፣ ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ።