ሲስተር የሺሃረግና ሦስቱ ግልገሎች

ሲስተር የሺሃረግ ጡረታ ከወጣች ገና ሰባት ወሯ ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኦሞ ስትዞር የኖረች ነርስ ናት፤ አርቦሬ አራት ዓመት፣ ካንጋተን ሦስት፣ የቀረውን ጂንካ። ከሥራዋ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ሕፃናትን መመዘን ነበር። ሚዛኑን ግራር ቅርንጫፍ ላይ ትሰቅላለች፣ ሕፃኑን በከረጢቱ ታንጠለጥላለች፣ ከዚያ የእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ነጥብ ታሳርፋለች። ነጥቦቹ ተያይዘው መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ትውላለች። ሲያዘቀዝቅ ግን እህል አይወርድላትም። ቤት ከዋለች ወዲህ የናፈቃት ያ መስመር ነበር፤ ይስቁብኛል ብላ ለማንም አልተነፈሰችም።

ግቢዋ ውስጥ ለሊሴ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ተከራይታ ትኖራለች። ባዮሎጂ ነው የምታስተምረው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሊሴ በካርቶን ሁለት እንስሳት ይዛ መጣች። ጭራ የላቸውም፣ እግራቸው አጭር ነው፣ ክብ ክብ ያሉ ጠጉራሞች ናቸው።

«ጊኒ ፒግ ይባላሉ፣ እትዬ የሺ። ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ አገር ባልደረቦቼ ሰጥተውኝ ነው። ለጥናት ካንጋተን ሦስት ሳምንት መቆየቴ ነው፤ ሣርና ጎመን ብቻ ቢሰጡልኝ።»

«አይጥ ጠብቂ ነው የምትዪኝ?»

«አይጥ አይደሉም። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ አያስቸግሩም።»

የሺሃረግ ፊቷን አጨፈገገች፤ ግን ለሊሴን እንደ ልጇ ስለምትወዳት እንቢ ማለት አልሆነላትም። ካርቶኑን በረንዳ ጥግ አስቀመጠችና ሣር ስትሰጣቸው እንኳ በሩቁ ትወረውርላቸው ጀመር።

በአምስተኛው ቀን ጎመን ልትጥል ጎንበስ ስትል ካርቶኑ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት አምስት ሆነው አገኘቻቸው። ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። አንደኛዋ ወልዳለች። የሺሃረግን ያስደነገጣት መውለዷ አልነበረም፤ የተወለዱት ናቸው። በሕይወቷ ስንቱን ጨቅላ አዋልዳለች፤ ዓይኑን ገልጦ፣ ጠጉር ለብሶ፣ ጥርስ አብቅሎ፣ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ የሚሮጥ ግን አይታ አታውቅም። የወረወረችው ሣር ውስጥ አንዱ ሲያሳድድ ሌላው ሲሸሽ አየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። አይጥ ብላ መጸየፏን በዚያው ረሳችው።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኩርማን እንጀራ ታየቻትና «ኩርማን» አለችው።

ወዲያው ነጠላዋን ጣል አድርጋ በባጃጅ ወደ ገበያ ሄደች፤ የወርቅ ሠሪው የዓባይነህ ሱቅ ገባች።

«ግራም የሚለይ ሚዛን አታውሰኝም?»

«ስንት ግራም ወርቅ ቢኖርዎት ነው፣ እትዬ የሺ?»

«ወርቅ አይደለም። ሕፃናት ልመዝን ነው።»

ዓባይነህ የምን ሕፃናት እንደሆኑ ስትነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ሆኖም አሮጌውን ሚዛን ባትሪ ቀይሮ ሰጣት። እግረ መንገዷን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለመስመር ወረቀት ገዛች።

ትልቁ ሰማንያ ሁለት ግራም፣ ተከታዩ ሰባ ስምንት፣ ኩርማን ሃምሳ አራት። ዓይናቸውን አየች፣ አፍንጫቸው እርጥበት እንደሌለው አረጋገጠች፣ ቂጣቸው ንጹሕ መሆኑን ተመለከተች፤ ሦስት ነጥብ አሳረፈች። ወረቀቱንም ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

ማግስቱን ሦስቱም ትንሽ ቀነሱ። አዲስ የተወለደ ሕፃንም መጀመሪያ ይቀንሳልና አልደነገጠችም። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ሽቅብ ሲወጡ ኩርማን አርባ ዘጠኝ ገባ። የሺሃረግ ቁርሷን ተወችው። ለሊሴ ጋ ደወለች፤ ካንጋተን ኔትወርክ ስለማይጨበጥ ያገኘቻት በስድስተኛው ሙከራ ነው።

«ወለደች? እኛ ጋ ሳትመጣ ነው ያረገዘችው ማለት ነው» አለች ለሊሴ፤ ድምጿ ከመገረም የተነሣ ቀጥኖ። «የሰውነታቸው ጠባይ እንደ እኛ ነው፣ ቫይታሚን ሲ ራሳቸው መሥራት አይችሉም። ለእናቲቱ ዘይቱና ይስጧት። ትንሹ ይጠባል?»

«መጥባቱን እንጃ። አሁን አያለሁ።»

በርጩማ ስባ ካርቶኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ አንድ ሰዓት ያህል ዓይኗን አልነቀለችም። እናቲቱ ስትቆም ሁለቱ ትልልቆች ሮጠው ከሥሯ ይገባሉ። ኩርማን በግራ ይሞክራል፣ ይገፉታል። በቀኝ ይዞራል፣ ይረግጡታል። የሺሃረግ እናቲቱን ቀስ ብላ አንሥታ ሆዷን ገለጠች። ያላት ጡት ሁለት ብቻ ነው።

አርቦሬ ያገኘቻት የመንታ እናት ትዝ አለቻት። ያቺ ሴት የሚጮኸውን እያጠባች ዝም የሚለውን ስታስርብ ኖራ፣ የሺሃረግ «ዝምተኛውን አስቀድሚ» ብላ መክራት ነበር፤ ልጁም ዳነ።

ሁለቱን ጉልቤዎች ለቀም አድርጋ ሣር የተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ከተተቻቸው። ኩርማን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይገፋ ጡት ጨበጠ። ጆሮው እየተርገበገበ ሲጠባ ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ሁለቱን መለሰች። በቀን አራት ጊዜ እንዲህ አደረገች፤ ለእናቲቱም ዘይቱናውን እየከተፈች አበላቻት።

በአራተኛው ቀን አርባ ዘጠኝ፤ አልቀነሰም። በአምስተኛው ሃምሳ አንድ። ሚዛኑን ዜሮ አድርጋ ደግማ መዘነችው፤ ያው ሃምሳ አንድ። በስድስተኛው ሃምሳ አራት። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ከአልጋዋ የምትነሣው እንደ ዓመት በዓል ልጅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ መጀመሪያ የምትከፍተው የቤቷን በር ሳይሆን ካርቶኑን ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ኩርማን ዘጠና ገብቶ፣ ከእናቱ አፍ ጎመን ይነጥቅ ጀመር።

ለሊሴ አቧራ ለብሳ ስትመለስ ሦስት ሳምንት ሞልቶ ነበር። ሻንጣዋን እንኳ ሳታወርድ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አየችው። ሦስት መስመሮች ናቸው፤ የታችኛው ጎንበስ ብሎ ከዚያ ቀና ይልና እስከ መቶ ሠላሳ አንድ ይወጣል። ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች።

«እትዬ የሺ፣ ይህንን ተማሪዎቼ ቢያዩት ደስ ይለኛል። እርስዎም ቢያስረዷቸው።»

«እኔ ምን አስተምራለሁ?»

«ይህንኑ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ አሥራ ስምንት ተማሪዎች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የሺሃረግ ነጭ ጋዋኗን ተኩሳ ለበሰች። መጀመሪያ ድምጿ ተቆራረጠባት፤ ኩርማንን አንሥታ ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጠው ግን ተስተካከለ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «በሽታ ሳይሆን ረኃብ መሆኑን በምን አወቁ?» ብላ ጠየቀቻት። የሺሃረግ በርጩማውን ወደ ካርቶኑ አስጠጋችና ልጅቷን አስቀመጠቻት፤ «እስቲ ዝም ብለሽ ሲጠቡ እያቸው» አለቻት፤ ሌሎቹም ዙሪያውን ከበው ቁጢጥ አሉ።